አይሪሾች የቴሌቪዥን ክፍያቸውን ለምን ተዉት? የ2023ቱ የአርቲኢ ቀውስ ሲብራራ

ጁን 22 ቀን 2023፣ ሐሙስ ዕለት፣ የአየርላንድ የሕዝብ ብሮድካስት ድርጅት አርቲኢ መግለጫ አወጣ። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የመግለጫው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ የድርጅቱ ከፍተኛ ተከፋይ አቅራቢ ራያን ተብሪዲ ከ2017 እስከ 2022 የተከፈለው ገንዘብ፣ ለሕዝብ ሲነገር ከነበረው በ345,000 ዩሮ ይበልጣል።

አርቲኢ በዓመት ከ300 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ነው። ለስድስት ዓመት ሲካፈል 345,000 ዩሮ ለሱ የኪስ ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ሳምንት ሳይሞላ ዋና ዳይሬክተሯ ሥራ ለቀቁ። ወር ሳይሞላ የሥራ አመራር ቡድኑ ፈረሰ። ዓመቱ ሲዘጋ ከ100,000 በላይ ቤቶች የቴሌቪዥን ክፍያቸውን ሳይከፍሉ ቀርተው ነበር፤ መንግሥትም ድርጅቱ ደመወዝ መክፈል እንዳያቅተው ካዝናውን ከፈተ።

ይህቺ ገንዘብ እንዴት ይህን ሁሉ ጎትታ መጣች? ለመረዳት ገንዘቡን ለጊዜው ትተን፣ ታትሞ የወጣውን ቁጥር መከተል ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን አርቲኢ ለአይሪሾች ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አርቲኢ ምንድን ነው? ተብሪዲስ ማን ነው?

ሙሉ ስሙ ራዲዮ ቴሊፊሽ ኤረን ነው፤ በአይሪሽ ቋንቋ የአየርላንድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ማለት ነው። ሬዲዮው በ1926 ጀመረ። ቴሌቪዥኑ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ1961 የመጨረሻ ምሽት፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ነው። ደብሊን ኦኮኔል ጎዳና ላይ ባለው ግሬሻም ሆቴል ድግሱ ደምቆ ሳለ፣ አዛውንቱ ፕሬዚዳንት ኤመን ዴ ቫሌራ በአዲሱ ስክሪን ብቅ ብለው ንግግር አደረጉ። ለምርቃት ንግግር ትንሽ ይከብዳል፦ ቴሌቪዥንን ከአቶሚክ ኃይል ጋር አመሳስለው፣ ብዙ መልካም ሊሠራ እንደሚችል ሁሉ የማይጠገን ጉዳትም ሊያደርስ ይችላል፣ ሳስበው ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል አሉ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ጁላይ 1962፣ «ዘ ሌት ሌት ሾው» የሚባል የወሬ ፕሮግራም ተጀመረ። ለአንድ በጋ ተብሎ የታሰበው ፕሮግራም እስከ ዛሬ አልቆመም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገ ኅብረተሰብ ስለ ፍቺ፣ ስለ ወሊድ መከላከያ፣ ስለ ቀሳውስት ጉድ በአደባባይ ማውራት የጀመረው በዚህ መድረክ ነው። ጌይ በርን እስከ 1999 መራው፤ ፓት ኬኒ እስከ 2009፤ ከዚያ ተብሪዲ ተረከበ።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ገና ሲቃረብ፣ ይኸው ፕሮግራም የመጫወቻ ዕቃ ትርኢት ይሆናል። ልጆች ስቱዲዮ ገብተው አዳዲስ መጫወቻዎችን ይፈታትናሉ፤ አቅራቢው የገና ስዕል ያለበት የሱፍ ሹራብ ለብሶ መሐላቸው ይንከባለላል። በየቤቱ ደግሞ ሕፃናት የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ የመኝታ ሰዓታቸው አልፎ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ሶፋ ላይ ተኮልኩለው ያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ የዓመቱን ከፍተኛ ተመልካች የሚያገኘው ይህ ምሽት ነው። ተብሪዲ 14 ዓመት ያን ሹራብ ለብሷል። ሕዝቡ እንደ ቤት ሰው ነበር የሚያየው። ወሬው ሲወጣ የተሰማው ንዴት የባለሥልጣን ሙስና ሲሰማ እንደሚሰማው ዓይነት አልነበረም፤ አጎት ውርስ ደብቆ ሲገኝ የሚሰማውን ይመስላል።

ሰው በገዛ ቴሌቪዥኑ ለምን ይከፍላል?

አየርላንድ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ በዓመት 160 ዩሮ ይከፍላል። የቴሌቪዥን ፈቃድ ይሉታል። ቤቱ ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥን ቢኖር ክፍያው አንድ ነው። ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ገንዘቡን የሚሰበስበው አን ፖስት የሚባለው የፖስታ ድርጅት ነው፤ ያልከፈሉ ቤቶችን እየዞሩ የሚያንኳኩ ተቆጣጣሪዎች አሉት። ያልከፈለ ሰው ፍርድ ቤት ሊቀርብና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት እስከ 1,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል።

ሕጉ የሚያየው መሣሪያውን ነው። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ጋራዥ ውስጥ ቢጣልም፣ ተጠግኖ ሊሠራ የሚችል ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በላፕቶፕ ወይም በስልክ የሚያይ ሰው ግን፣ ቀኑን ሙሉ አርቲኢን ሲከታተል ቢውልም፣ አይጠየቅም። ሕጉ የተቀረጸው ቴሌቪዥን ማለት ጥግ ላይ የተቀመጠ ሳጥን በነበረበት ዘመን ለነበረ ኑሮ ነው፤ ክፍያው ራሱ ከ2008 ጀምሮ አልተነካም።

ነገሩን በዕድር ማየት ይቻላል። የዕድር ወርኃዊ መዋጮ የሚከፈለው ዛሬ ሐዘን ቤት ስላለን አይደለም። ድንኳኑ፣ ድስቱና ወንበሩ ለሁሉም እንዲኖር ነው። የቴሌቪዥን ፈቃድም እንዲያው ነው፦ የምታየው ዜናውን ይሁን ድራማውን፣ ወይም ጨርሶ አትይ፣ ድንኳኑ እንዲቆም ትከፍላለህ። በአይሪሽ ቋንቋ የሚተላለፍ ፕሮግራም፣ የምርጫ ክርክር፣ የሕፃናት ዝግጅት በማስታወቂያ ብቻ ሊኖሩ አይችሉም የሚል ሐሳብ ነው ከበስተጀርባው ያለው። ከሚሰበሰበው ውስጥ 7 በመቶው የሌሎች ጣቢያዎችንም ፕሮግራም ለሚደግፍ ፈንድ ይሄዳል።

ዕድር የሚቆመው ግን አባላቱ ገንዘብ ያዡን እስካመኑ ድረስ ነው። አየርላንድ ውስጥ ከ10 ቤት ከአንድ የሚበልጠው ከድሮም ሳይከፍል ይኖር ነበር፤ ሁሉንም በር ማንኳኳት አይቻልም። ስለዚህ ክፍያው በሕግ ግዴታ ቢሆንም በተግባር ግማሽ ፈቃደኝነት ነው።

ሌላም ልዩ ነገር አለው። የእንግሊዙ ቢቢሲ በአገር ውስጥ ጣቢያዎቹ ላይ ማስታወቂያ አያሳይም፤ ከፈቃድ ክፍያ ይኖራል። አርቲኢ ግን ሁለቱንም ይወስዳል፤ ከግማሽ በላይ ገቢው ከሕዝብ፣ የቀረው ከማስታወቂያና ከስፖንሰር። አንድ እግሩ የሕዝብ ተቋም፣ አንድ እግሩ ነጋዴ ነው። ቀውሱ የተወለደው በሁለቱ እግሮች መሐል ነው።

የአሥሩ ሰዎች ዝርዝር ለምን ይታተማል?

የሕዝብ ገንዘብ የሚወስድ ድርጅት ለአንድ አቅራቢ ምን ያህል ይከፍላል? ይህ ጥያቄ አየርላንድ ውስጥ የቆየ ነው፤ በተለይ ከ2008ቱ የባንኮች ውድቀት በኋላ፣ መምህሩም ነርሱም ደመወዙ ሲቆረጥ። አርቲኢ ለዚህ መልስ ብሎ የከፍተኛ ተከፋይ 10 አቅራቢዎቹን ስምና ክፍያ በየጊዜው ያትም ነበር። ዝርዝሩ በወጣ ቁጥር ጋዜጦች የፊት ገጻቸውን ይሰጡታል፤ ከላይ ያለው ስም ለዓመታት ተብሪዲ ነበር።

ከእነዚህ አቅራቢዎች ብዙዎቹ የወር ደመወዝተኛ እንዳልሆኑ ልብ በሉ። የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው በውል ይሠራሉ፤ ውሉን የሚደራደርላቸው ወኪል አላቸው። የተብሪዲ ወኪል ኖኤል ኬሊ ይባላል፤ የሌሎች ታዋቂ አቅራቢዎችም ወኪል ነው።

በ2019 መጨረሻ አርቲኢ ገንዘብ አጠረው። ሠራተኛ እንደሚቀንስ፣ የከፍተኛ አቅራቢዎቹንም ክፍያ በ15 በመቶ እንደሚቆርጥ አስታወቀ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ እኛም ቀበቷችንን አጥብቀናል። ከዚያ በኋላ የታተመው ዝርዝር የዚህ ቃል ማስረጃ ሆነ። ለምሳሌ ተብሪዲ በ2021 440,000 ዩሮ ተከፈለው ተባለ።

እውነተኛው ቁጥር 515,000 ነበር።

ልዩነቱ የት ተደበቀ?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዜናዎች ሲደባልቋቸው ስለቆዩ ለየብቻ እንያቸው።

የመጀመሪያው ከ2017 እስከ 2019 ያለው 120,000 ዩሮ ነው። በተብሪዲ ውል ውስጥ፣ ውሉ ሲያልቅ የሚከፈል 120,000 ዩሮ ነበር። ተብሪዲ ይህን ገንዘብ አልወሰደም፤ ተወው። አርቲኢ ግን የሦስቱን ዓመት ክፍያ ሲያትም፣ ይህን ያልተከፈለ ገንዘብ ከተከፈለው ላይ ቀነሰው። ቤት ኪራይህን በሙሉ የከፈልከው ሰው፣ «ቦነስ ልጠይቅህ ነበር ትቼዋለሁ» ስላለህ ብቻ ኪራዩን አሳንሰህ እንደመጻፍ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? በ2018 የተከፈለው 545,000 ዩሮ 495,000 ሆኖ ታተመ። ከግማሽ ሚሊዮን መስመር በታች።

ሁለተኛው ከ2020 እስከ 2022 ያለው 225,000 ዩሮ ነው፤ በዓመት 75,000። ረቀቅ ያለው ይህኛው ነው።

ክፍያው እንዲቀነስ ሲደረግ የጎደለውን የሚሞላ መንገድ ተፈለገ። ያኔ የሌት ሌት ሾው ስፖንሰር የመኪና አምራቹ ሬኖ ነበር። ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ ተብሪዲ ለሬኖ በዓመት ጥቂት ዝግጅቶች ላይ ይገኛል፤ ሬኖ 75,000 ዩሮ ይከፍለዋል። ከአርቲኢ ኪስ ስላልወጣ በዝርዝሩ ላይ አይታይም። እስከዚህ ድረስ የንግድ ነገር ነው ሊባል ይችላል።

ግን ሬኖ በ2020 ገንዘቡን ሲከፍል፣ አርቲኢ ያንኑ ያህል 75,000 ዩሮ ከስፖንሰርነቱ ሒሳብ ላይ ቀነሰለት። በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ተቀበለ። ስለዚህ ከፋዩ አርቲኢ ራሱ ነበር። በዚህ ላይ አርቲኢ፣ ስፖንሰሩ ባይከፍል እኔ እሸፍናለሁ ብሎ ለወኪሉ ዋስትና ሰጥቶ ነበር። ሬኖ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አልቀጠለበትም፤ ዋስትናው ግን ቀጠለ። የቀሩት ሁለት 75,000 ዩሮዎች በ2022 የተከፈሉት አብዛኛው አይሪሽ ስሙን ሰምቶት ከማያውቀው ኪስ ነው፤ ባርተር አካውንት ከሚባለው። ኢንቮይሱ ላይ የተብሪዲ ስም የለም። የተጻፈው «የማማከር አገልግሎት ክፍያ» የሚል ነው።

ባርተር አካውንት ማለት ምን ማለት ነው?

ሆቴል አለህ እንበል። ዛሬ ማታ ያልተከራየ ክፍል ነገ ሊሸጥ አይችልም፤ የዛሬው ሌሊት አልፏል። ስለዚህ አንድ ደላላ ይመጣና፣ ባዶ ክፍሎችህን ስጠኝ፣ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ እኔ ጋ ነጥብ ይያዝልህ፣ በነጥቡ ምግብ፣ ትኬት፣ የቢሮ ዕቃ እገዛልሃለሁ ይልሃል። ይህ ባርተር ነው፤ ዕቃ በዕቃ መለዋወጥ።

የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሰዓትም እንደ ሆቴል አልጋ ነው። ከምሽቱ ዜና በፊት ያለችው 30 ሰከንድ ካልተሸጠች አለቀላት። አርቲኢ ያልተሸጡ የማስታወቂያ ሰዓቶቹን ለባርተር ኩባንያዎች ይሰጥ ነበር፤ ኩባንያው ለደንበኞቹ ያከፋፍላቸው፣ ለአርቲኢ ደግሞ በስሙ ሒሳብ ይይዝለት ነበር። አሠራሩ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ በብዙ አገር ያሉ ሚዲያዎች ይጠቀሙበታል።

ሁለት ጣጣ ግን አለው። አንደኛው ደላላው የሚወስደው ድርሻ ነው፤ ወደ 35 በመቶ። በዚህ ሒሳብ ተብሪዲ እጅ 150,000 ዩሮ እንዲደርስ አርቲኢ 230,000 ገደማ ዋጋ ያለው የማስታወቂያ ሰዓት ማውጣት ነበረበት። ሁለተኛው፣ ይህ ኪስ ከመደበኛው የሒሳብ መዝገብ ወጣ ብሎ የሚኖር መሆኑ ነው። ገንዘብ ስለማይመስል እንደ ገንዘብ አይጠበቅም።

ኪሱ ሲከፈት ሌላም ነገር ወጣ። በ2019 ጃፓን ለተካሄደው የራግቢ ዓለም ዋንጫ ከ100,000 ዩሮ በላይ ለጉዞና ለሆቴል፤ የማስታወቂያ ደንበኞችን ለመጋበዝ ነው ተባለ። ለአንድ የበጋ ግብዣ ደግሞ 200 ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ በ4,956 ዩሮ። ሕዝቡ የራግቢውን ረሳው፤ ነጠላ ጫማውን ግን አልረሳም። 345,000 ዩሮ ምን ያህል እንደሆነ በዓይነ ሕሊና ለማየት ያስቸግራል፤ 200 ጥንድ ነጠላ ጫማ ግን ማንም ያየዋል። የነጠላ ጫማ ቀልድ ያልሰማ አይሪሽ በዚያ በጋ ማግኘት ይቸግር ነበር።

ማን አገኘው? ከዚያስ?

ያገኙት ኦዲተሮች ናቸው። የ2022ን ሒሳብ የሚመረምሩት ዴሎይቶች በ2023 መጀመሪያ ላይ ሁለቱን ኢንቮይሶች አይተው ምንድን ናቸው ብለው ጠየቁ። የድርጅቱ ቦርድ ግራንት ቶርንተን የሚባለውን ሌላ ተቋም ለምርመራ ቀጠረ። ተብሪዲ ማርች 16 ላይ ሌት ሌት ሾውን እለቃለሁ ብሎ ነበር፤ ሜይ 26 ላይ በክብር ተሰናበተ። ተመልካቹ ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንዳለ አያውቅም ነበር።

ዋና ዳይሬክተሯ ዲ ፎርብስ ከመግለጫው በፊት ከሥራ ታግደው ነበር፤ ጁን 26 ላይ ለቀቁ። በማግሥቱ ደብሊን ዶኒብሩክ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ጋዜጠኞችና የቴክኒክ ሠራተኞች መፈክር ይዘው ደጅ ወጡ። ከነሱ መካከል ለዓመታት በጊዜያዊ ውል የሠሩ፣ ለካሜራ ጥገና ገንዘብ የለም ሲባሉ የኖሩ ነበሩ። ለነሱ ነገሩ ስለ ተብሪዲ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ፓርላማው ተረከበ። የሚዲያ ኮሚቴውና የመንግሥት ሒሳብ ተቆጣጣሪ ኮሚቴው የአርቲኢን ኃላፊዎች ጠርተው በቀጥታ ስርጭት ሰዓታት ሙሉ ጠየቁ፤ ሰው እንደ እግር ኳስ ተከታተለው። አንዱ ትዕይንት ብዙዎች አእምሮ ውስጥ ቀርቷል። የድርጅቱ የፋይናንስ ኃላፊ የራሳቸው ደመወዝ ስንት እንደሆነ ተጠየቁ። በትክክል አላስታውሰውም አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። ሲገፉ ወደ 200,000 ዩሮ ገደማ፣ ለመኪና ደግሞ 25,000 ብለው መለሱ። የሒሳብ ኃላፊ ደመወዙን ሲረሳ ያየ ሕዝብ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም።

ጁላይ 11 ላይ ተብሪዲና ወኪሉ በአንድ ቀን ሁለቱም ኮሚቴዎች ፊት ቀረቡ። ስለነሱ ከተባለው ውስጥ ሰባት ነገር ከእውነት የራቀ ነው ብለው ተከራከሩ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ተብሪዲ ገንዘብ ሰረቀ የተባለበት ጊዜ የለም። ገንዘቡ በውል የመጣ ነው፤ ቁጥሩን ያሳሳተው አሳታሚው አርቲኢ ነው። ተብሪዲ ራሱ ይቅርታ የጠየቀው፣ የታተመው ቁጥር ከደረሰኝ ጋር ሳይገጥም ለምን ብዬ አልጠየቅሁም በሚል ነበር።

በዚያው ሳምንት አዲሱ ዋና ዳይሬክተር ኬቨን ባክኸርስት ሥራ ጀመሩ፤ በገቡበት ዕለት የሥራ አመራር ቡድኑን በተኑ። ተብሪዲ ወደ ሬዲዮ ፕሮግራሙ እንዲመለስ ድርድር ነበር፤ ሊሳካም ተቃርቦ ነበር። ኦገስት 16 ላይ ግን ሁለተኛው የምርመራ ሪፖርት ወጣና ተብሪዲ ስለ ሪፖርቱ የራሱን መግለጫ አወጣ። ባክኸርስት በማግሥቱ፣ መተማመናችን ፈርሷል ብለው ድርድሩን ዘጉት። ተብሪዲ በ2024 መጀመሪያ ለንደን ወደሚገኝ ጣቢያ ሄደ።

ሰው መክፈል ያቆመው በንዴት ብቻ ነው?

በዋነኛነት አዎ፤ ግን ንዴቱ ባዶ ቤት አልገባም። ከጁን በፊት፣ በዚያው ጸደይ፣ ሌላ ጭቅጭቅ ነበር። አርቲኢ ከአገሪቱ ባህላዊ ስፖርት ማኅበር ጋር በሽርክና በኢንተርኔት የሚያስተላልፍ ጣቢያ ነበረው። በ2023 የተወሰኑ ትልልቅ የሃርሊንግ ግጥሚያዎች በነፃው ቴሌቪዥን መታየታቸው ቀርቶ ወደዚያ ሄዱ፤ አንዱን ጨዋታ ለማየት 12 ዩሮ። ሃርሊንግ በእንጨትና በትንሽ ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ የኛን የገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ሲያየው ብዙ አይገርመውም። ገጠር ያለ ሽማግሌ የልጅ ልጁ የሚሰለፍበትን ቡድን ለማየት ካርድ ቁጥር አስገባ ሲባል፣ 160ው ዩሮ ታዲያ ለምንድን ነው ማለቱ አይቀርም። ሰው ሁለቴ ክፈል መባሉን ገና እያላመጠ ሳለ ነው የጁኑ መግለጫ የመጣው።

የ2022 ዲሴምበር ኪሳራም ነበር። አርቲኢ የመጫወቻ ትርኢቱን ተወዳጅነት ይዞ ደብሊን በሚገኝ ትልቅ አዳራሽ የመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ አዘጋጀ፤ ትኬቱ አልተሸጠም፤ 2.2 ሚሊዮን ዩሮ ከሰረ። ቦርዱ በወጉ ሳያጸድቀው የተሠራ መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ። ልብ ካላችሁ ይህ ከተብሪዲ ገንዘብ ስድስት እጥፍ ይበልጣል፤ ንዴቱ ግን በስድስት እጥፍ አልበለጠም። ኪሳራን ሰው ይቅር ይላል።

ፈቃድ የማያድሰው ሰው ሲበዛ በ2023 ብቻ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ጎደለ። ኖቬምበር ላይ ባክኸርስት ዕቅዳቸውን ይዘው ቀረቡ፦ በአምስት ዓመት 400 የሥራ ቦታ በፈቃደኝነት ይቀነሳል፤ ከአሁን ወዲያ ማንም ከዋና ዳይሬክተሩ መሠረታዊ ደመወዝ፣ ከ250,000 ዩሮ፣ በላይ አይከፈለውም። መንግሥት 56 ሚሊዮን ዩሮ ድጎማ ፈቀደ፤ 16ቱ ለዚያው ዓመት፣ እስከ 40 የሚደርሰው ለ2024።

አዲሱ አቅራቢስ?

ሌት ሌት ሾውን ሴፕቴምበር 15 ላይ የተረከበው ከሰሜን አየርላንድ የመጣው ኮሜዲያን ፓትሪክ ኪልቲ ነው። ውሉን የፈረመው ከቀውሱ በፊት ቢሆንም ክፍያው ወዲያው ለሕዝብ ተነገረ፤ ለ30 ፕሮግራሞች 250,000 ዩሮ። ያኔ አየርላንድ ውስጥ ደመወዝ ሳይነግሩ ፕሮግራም መጀመር አይታሰብም ነበር።

የዚያ ዓመት የአየርላንድ ቴሌቪዥን ይህ ብቻ እንዳይመስል፦ ማርች 15 ላይ የድሮው ብሮድካስት ባለሥልጣን ፈርሶ ኮሚሹን ና ምያን የሚባል አዲስ ተቆጣጣሪ ተቋቋመ፤ ከቴሌቪዥንና ሬዲዮ አልፎ ማኅበራዊ ሚዲያንም የሚመለከት። ወደፊት ሲታይ ከነጠላ ጫማው የሚበልጥ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ በጋ ግን ማንም አላወራበትም።

ታዲያ የቴሌቪዥን ፈቃድ ቀረ?

አልቀረም። ይቅርና ከመንግሥት በጀት ይከፈል የሚሉ ነበሩ፤ የሚዲያ ሚኒስትሯ ካትሪን ማርቲን ራሳቸው ይህን ነበር የሚፈልጉት። የሚቃወሙት ደግሞ፣ በየዓመቱ ከካዝና የሚጠብቅ ጣቢያ ሚኒስትሮችን በድፍረት መጠየቅ ያቅተዋል፤ ፈቃዱ ከነጉድለቱ በጣቢያውና በመንግሥት መሐል የቆመ አጥር ነው አሉ። ክርክሩ ሲጎተት ሚኒስትሯ በፌብሩዋሪ 2024 በራሱ በአርቲኢ የምሽት ፕሮግራም ላይ ቀርበው፣ በቦርድ ሊቀመንበሯ በሹን ኒ ራሊ ላይ እምነት አለኝ ለማለት ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀሩ። ሊቀመንበሯ በዚያው ሌሊት ሥራ ለቀቁ።

በጁላይ 2024 መንግሥት መሐል መንገድ መረጠ። ፈቃዱ ይቀጥላል፤ ጉድለቱን መንግሥት ይሞላል። ለሦስት ዓመት 725 ሚሊዮን ዩሮ ለአርቲኢ ተመደበ፤ በ2025 225፣ በ2026 240፣ በ2027 260 ሚሊዮን። ከፈቃድ ክፍያ የሚሰበሰበው ከዚህ ውስጥ ይታሰባል። ስለዚህ የአንዱ ቤት ሰው አልከፍልም ቢል፣ ጎረቤቱ በግብሩ በኩል ይሞላለታል ማለት ነው። 160ው ዩሮ እንዳለ ነው፤ የተበላሸው ቴሌቪዥን ይከፈልበታል፤ ላፕቶፑ አይከፈልበትም።

ተብሪዲ በባርተር አካውንት በኩል የተከፈለውን 150,000 ዩሮ በ2025 ለአርቲኢ መለሰ። ያ ገንዘብ እጁ እንዲደርስ አርቲኢ ያወጣው 230,000 ገደማ ነበር። ልዩነቱ የደላላው ኮሚሽን ነው።